«ፈርመውልናል» አይበቃም፦ የማኅበረሰብን መረጃ ስንሰበስብ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ለመመረቂያ ጽሑፍ ወይም ለፕሮጀክት ገጠር የወጣ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። የድጋፍ ደብዳቤው ለቀበሌ ይሰጣል። ሊቀመንበሩ አምስት ሽማግሌ ያስጠራል። መጠይቁ ይሞላል፣ ጂፒኤሱ ይነበባል፣ መኪናው አቧራውን አስነስቶ ይሄዳል። ሽማግሌዎቹ የተናገሩት የት እንደደረሰ ተመልሶ የሚነግራቸው የለም። አብዛኛው ሰው ይህን የሚያደርገው ከክፋት አይደለም፤ ለምዶበት ነው።

ያልተጻፈ እውቀት ባለቤት የለውም ማለት

የከፋው ስህተት ይሄ ነው። ጤፍን እንይ። አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ከአጨዳ በኋላ ተቀምጦ ከከረመ ጤፍ የሚፈጭ ዱቄትን «ፈጠራዬ ነው» ብሎ እ.ኤ.አ. በ2007 የአውሮፓ ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) ተሰጠው። ጤፍ በጎተራ አክርሞ ማስፈጨትን የትኛዋ እናት ናት የማታውቀው? የሄግ ፍርድ ቤት ፈጠራ የለበትም ብሎ በኔዘርላንድ ፓተንቱን የሻረው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ከ10 ዓመት በላይ ቆይቶ ማለት ነው።

የኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 482/1998 ነገሩን ለይቶ አስቀምጦታል። ዘረመሉ፣ ማለትም የተክሉና የእንስሳው የዘር ሀብት፣ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ የማኅበረሰብ እውቀት ግን የዚያው ማኅበረሰብ ነው። ስለዚህ ማስታወሻ ደብተራችሁ ላይ ስለሰፈረ የእናንተ አይሆንም።

ውሉ ከተፈረመ ነገር አለቀ ማለት

በጤፉም ኢትዮጵያ ከኩባንያው ጋር ውል ነበራት። እ.ኤ.አ. በ2005 ተፈርሞ ጥቅም መጋራት የሚል ቃል ሰፍሮበታል። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2009 ከሰረ። ፓተንቱ ወደ ሌሎች ኩባንያዎች ሲዞር የኢትዮጵያ ውል የቀረው ከከሰረው ጋር ነው። አገሪቱ ከዚህ ሁሉ ያገኘችው 4,000 ዩሮ ገደማ ነው። መረጃም እንዲሁ ነው፤ ከፋይል ወደ ፋይል ይዞራል። «ለሦስተኛ ወገን ሲተላለፍ ግዴታውም አብሮ ይሄዳል» የሚል መስመር ከሌለ ፊርማው ወረቀት ነው። ደግሞም አዲስ አበባ ያለ መሥሪያ ቤት ፈረመ ማለት ጤፉን የሚዘራው ገበሬ ተጠየቀ ማለት አይደለም።

ከሰማይ የተነሣ ፎቶ ፈቃድ አይጠይቅም ማለት

ሰሜን ሸዋ ያለውን መንዝ ጓሳን በሳተላይት ብታዩት ሣር ነው። ለምን ሣር ሆኖ እንደቆየ ግን ምስሉ አያሳይም። የአካባቢው ሰው ቄሮ በሚባል ሥርዓት ቦታውን ለዓመታት ዘግቶ ይጠብቅ ነበር። የጓሳው ሣር ሲደርስ ተፈቅዶ ይታጨዳል፤ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ። ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ፈረሰ። በኋላ ነዋሪው ራሱ በሌላ መልክ አደራጀው። ይህን ሳይጠይቅ «ሰው ያልነካው መስክ» ብሎ ካርታ የሚሠራ ሰው የጠባቂዎቹን ታሪክ ሰርዞ ነው የሚመለሰው። ድሮን ከማስነሣታችሁ በፊት እንደ ሰው ቡና ጠጥታችሁ ጠይቁ።

ትክክለኛውን ቦታ መለጠፍ

ስለዚህኛው ብዙ ማውራት አያስፈልግም። ሥሩ የሚቆፈር የመድኃኒት ተክል ወይም የቀይ ቀበሮ ዋሻ ያለበትን ነጥብ ኢንተርኔት ላይ ማውጣት ለቆፋሪውና ለአዳኙ መንገድ መጥረግ ነው። ወረዳው ይበቃል።

«ክፍት መረጃ» ሁሉ ጥሩ ነው ማለት

መረጃ ለሁሉም ክፍት ይሁን የሚለው ሐሳብ ለተመራማሪው ምቹ ነው፤ ክርክሩ ደግሞ ክብር ያለው ይመስላል። የነባር ሕዝቦች የመረጃ ጥምረት ግን እ.ኤ.አ. በ2019 ኬር የሚባሉትን መርሆች ያወጣው ይህ ሐሳብ የማኅበረሰቡን መብት ስለሚዘልል ነው። ጥቅሙ ለማኅበረሰቡ ይድረስ፣ ሥልጣኑም የእሱ ይሁን፣ ኃላፊነትና ሥነ ምግባርም ይኑር ይላሉ። እኔ እንደማየው ከአራቱ የሚያጣላው ሥልጣኑ ነው። ጥቅም ማካፈል ቀላል ነው። «አይሆንም» ሲሉን መቀበል ግን ይከብደናል።

ውጤቱን በእንግሊዝኛ ፒዲኤፍ መመለስ

ወይም ጭራሽ አለመመለስ። ጽሑፋችሁ ከመታተሙ በፊት ፍሬ ነገሩን በአካባቢው ቋንቋ አንድ ገጽ አድርጉትና ሄዳችሁ አንብቡላቸው። ያስተካክሏችኋል፣ የዛፉን ስም ተሳስታችሁ ይሆናል። አንዱ ሽማግሌ «ይቺን የተናገርኩት ለእናንተ ነው እንጂ ለዓለም አይደለም፣ ሰርዟት» ካሉ፣ ሰርዟት።