የአሮጌ ጠመንጃ መጠቅጠቂያ ዘንግ፦ ችግሩና መፍትሄው

በጎጃም ከአያት በውርስ የተገኘ፣ ባሩዱንና እርሳሱን በአፈሙዙ የሚጎርስ ባለ ሁለት አፍ የአደን ጠመንጃ ያለው ሰው ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚያጣው ብረቱን ሳይሆን ከአፈሙዞቹ ሥር በቀለበቶች የሚሰካውን የእንጨት መጠቅጠቂያ ዘንግ ነው። ዘንጉን ለመጠገን ከመነሳት በፊት ግን ጠመንጃው ባዶ መሆኑ ይረጋገጥ። አፉን ከሰው አዙሮ ቀጭን እንጨት እስኪቆም ድረስ ወደ አንደኛው አፈሙዝ መስደድ፣ ከአፉ ትክክል ምልክት ማድረግ፣ ከዚያም አውጥቶ በውጭ በኩል ከብረቱ ጋር ማስተያየት ነው። ምልክቱ ከአፉ ትክክል ሲያዝ ጫፉ በሰደፉ በኩል ካለው የአፈሙዙ መጨረሻ ሦስት አራት ጣት ያህል ካጠረ በውስጡ የተረሳ ጉርሻ፣ ማለትም ባሩድና እርሳስ፣ አለ ማለት ነው። ሁለተኛውም እንዲሁ ይለካ። ጥቁር ባሩድ በደረቁ ከቆየ በዘመን ብዛት ኃይሉን አያጣምና፣ እንዲህ ያለው ለሚያውቅ ባለሙያ ይሰጥ እንጂ አይነካካ።

ዘንጉ በሰያፍ ይሰበራል

ምክንያቱ ከእንጨቱ ዓይነት ይልቅ ከጅማቱ አካሄድ ይመጣል። በመጋዝ ከሳንቃ የወጣ ክብ እንጨት ውጪው ቀጥ ብሎ ቢታይም ጅማቱ በጎኑ ስለሚያልቅ፣ በኃይል ሲገፉት እንደ ጦር ሾሎ ይሰበርና መዳፍ ይወጋል። መፍትሄው ጉጥ የሌለውን ክትክታ ወይም ወይራ በሽብልቅ ሰንጥቆ፣ ጅማቱ የመራበትን መስመር ተከትሎ መላግ ነው። ወይራ ጠንካራ ነው፤ ሆኖም ጅማቱ የተጠላለፈ ስለሚሆን ቀጥ ብሎ የሚሰነጠቅ ግንድ ማግኘት ትዕግሥት ይጠይቃል። የተሰነጠቀው እንጨት በጥላ ለወራት ከደረቀ በኋላ ከ9 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት እስኪደርስ ይላጋል፤ መጨረሻው ግን በራሱ በቀለበቱ ይለካ። የተሰበረውን በማጣበቂያ ቀጥሎ ለግድግዳ ጌጥ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ለመጠቅጠቅ ግን አይታመንም።

ምትክ ሲጠፋ

ብዙ ሰው የሚያነሳው ፌሮ ነው፤ ይህ ግን የአፈሙዙን ውስጥ ይፍቃል፣ ባሩድ ባለበትም ብልጭታ ሊያስነሳ ይችላል። የእንጅባራ አካባቢ ቀርከሃ ቀላልና ቀጥ ያለ በመሆኑ ያጓጓል፤ ነገር ግን ውስጡ ባዶ ስለሆነ በርዝመቱ ይሰነጠቃል፣ ስንጣሪውም ስለት ነው። ጨርቅ ጠምጥሞ ባዶ አፈሙዝ ለመወልወል ከሆነ ይበቃል።

ጫፉ ወልቆ ውስጥ ይቀራል

በዘንጉ ጫፍ ላይ የሚገባው የነሐስ ቆብ በማጣበቂያ ብቻ ሲያዝ እንጨቱ ደርቆ ሲኮማተር ይለቃል። ቆቡንና እንጨቱን አንድ ላይ በአግድም በስቶ ቀጭን የነሐስ ሽቦ ማሳለፍና ሁለቱን ጫፎች ቀጥቅጦ ከቆቡ ጋር እኩል መሞረድ ያስፈልጋል።

በክረምት ይጣበቃል፣ በበጋ ይላላል

እንጨቱ እርጥበት ጠጥቶ ሲያብጥ በቀለበቶቹ ውስጥ ይነክሳል። በዚህ ጊዜ በጉጠት መጎተት ቀለበቱን ስለሚነቅል፣ በደረቅ ቤት ጥቂት ቀን አቆይቶ ከወጣ በኋላ የሚያብለጨልጨውን ቦታ ብቻ በአሸዋ ወረቀት ማሻሸት ይበጃል። ለዱላ የለመድነው ቅቤ ስለማይደርቅ አቧራ ይሰበስባል፤ የተልባ ዘይት ግን በስሱ ተቀብቶ ሲደርቅ እርጥበቱን ያዘገያል። በበጋ ለሚላላው ዘንግ ደግሞ በሰደፉ በኩል በሚገባው ጫፍ ላይ ሰም የተቀባ ክር ሁለት ሦስት ዙር መጠምጠም ይበቃዋል።