የድሮ የእንግሊዝ መንደር ቤት ዕድሜ እንዴት ይነበባል?

ለመለማመድ ላቨናምን የሚያህል የለም፤ በምሥራቅ እንግሊዝ በሰፎክ አውራጃ ያለ፣ በሱፍ ንግድ የበለጸገ መንደር ነው። መጀመሪያ ነገር፣ ፊት ለፊቱን አትመኑ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ብዙ ሰው አሮጌ የእንጨት ቤቱን በጡብ ሸፍኖ ዘመናዊ አስመስሎታል፣ ስለዚህ ዞር በሉና ጎኑንና ጣሪያውን እዩ። ቋሚ የኦክ እንጨቶቹ ተጠጋግተው ከቆሙ ባለቤቱ ገንዘብ ነበረው፤ ያን ያህል እንጨት ለጥንካሬ አያስፈልግም፣ ጉራ ነው። በእንጨቶቹ መሃል ያለው ብዙ ጊዜ በጭድ የተቦካ ጭቃ ነው፣ በቀጫጭን እንጨት ርብራብ ላይ የተመረገ። ፎቁ ወደ መንገድ ወጣ ካለ የ15ኛው ወይም የ16ኛው ክፍለ ዘመን ስራ ሊሆን ይችላል። የተደፈነ መስኮት ካያችሁ ከ1696 እስከ 1851 እ.ኤ.አ. የቆየውን፣ በመስኮት ብዛት ይከፈል የነበረውን የመስኮት ግብር ጠርጥሩ፣ ግን አንዳንዱ ሲሰራ ጀምሮ ለማመጣጠን የተደፈነ ነው። እንጨቱን ጥቁር፣ መሃሉን ነጭ የሚያደርገው ቀለምስ? አብዛኛው የቪክቶሪያ ዘመን (የ19ኛው ክፍለ ዘመን) ፋሽን ነው።