በቀን ሦስት አመልማሎ

ጥጥ መፍተል መልመድ ከፈለጋችሁ ጋቢ የሚባለውን ነገር ለጊዜው እርሱት። ብዙ ሰው "ለእናቴ በእጄ ፈትዬ ጋቢ ላለብሳት ነው" ብሎ ሲነሳ አይቻለሁ። ጋቢ አራት እጥፍ ነው፤ የሚበላው ማግ፣ ማለትም በድሩ መሃል በአግድም የሚገባው ክር፣ ማለቂያ የለውም። በሁለተኛው ሳምንት እንዝርቱ ቁም ሳጥን አናት ላይ ይወጣና እዚያው አቧራ ይጠጣል።

እኔ የማስበው በቀን ሦስት አመልማሎ፣ ማለትም ለመፍተል የተዘጋጀ ሦስት የጥጥ ጥቅልል፣ ብቻ ነው። ከሥራ ገብቼ፣ ጫማዬን አውልቄ፣ ራት እስኪደርስ። ሦስቱ ሲያልቁ፣ እጄ ቢጥመውም፣ አቆማለሁ። ብቻ ከማቆሜ በፊት የነገውን የመጀመሪያ አመልማሎ ከክሩ ጫፍ ጋር አያይዤ ትንሽ እስበዋለሁ። በማግስቱ ደክሞኝ ስገባ ክር ማስጀመር የለም፤ ተቀምጦ መቀጠል ነው።

ዕቃው ብዙ አይደለም። እንዝርት ስትገዙ እዚያው ሻጩ ፊት አሽከርክሩት። እየተንቀጠቀጠ ከዞረ ዘንጉ ጎብጧል፤ ተዉት። ጥጡን ደግሞ የተዳመጠ ግዙ። ፍሬው ያልወጣለትን ርካሽ ነው ብላችሁ ከወሰዳችሁ፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ በብረት ስትዳምጡ ትውላላችሁ። ለኮንዶሚኒየም ኑሮ አይሆንም፤ ፍሬው እየተፈናጠረ ሶፋ ሥር ይገባል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሰው የሚሰለቸው ማባዘቱ ላይ ነው። አንድ ሰዓት አባዝቶ ገና መፍተል ሊጀምር ሲል ጉልበቱ ያልቃል። ስለዚህ ሁለቱን አንድ ቀን ላይ አታድርጓቸው። እኔ ሐሙስ ማታ ቲቪ እያየሁ የሳምንቱን አባዝታለሁ፤ በሌላው ቀን ፈትል ብቻ ነው።

ሲባዘት እንዲህ ነው። እፍኝ ጥጥ ታነሳላችሁ። በጣታችሁ እየበተናችሁ፣ የቅጠል ስባሪውንና የጠጠረውን እየለቀማችሁ፣ እፍ ሲሉት ብድግ እስኪል ታሳሱታላችሁ። ከዚያ በስሱ ትዘረጉትና ቀጭን ዘንግ ላይ ጠቅልላችሁ በመዳፋችሁ ቀለል አድርጋችሁ ታንከባልሉታላችሁ። ዘንጉ የማሽላ አገዳ ስንጣሪም ይሆናል፤ እኔ የሹራብ መርፌ ነው የምጠቀመው። ዘንጉን መዝዛችሁ ስታወጡት መሃሉ ክፍት የሆነ ልል ጥቅልል ይቀራል። አመልማሎ ማለት እሱ ነው። አጥብቃችሁ ከጠቀለላችሁት ሲፈተል አለቅም ይላል፤ ክሩም ጎርበጥባጣ ይሆናል። ያለቀውን ካርቶን ውስጥ ደርድሩ፤ ፌስታል ውስጥ ከጠቀጠቃችሁት ተጣብቆ ይጠብቃችኋል።

ለመፍተል አንድ ክንድ ያህል ክር እንዝርቱ ላይ እሰሩ። የክሩን ጫፍ አፍታቱና የአመልማሎውን ጫፍ ደርቡበት። በቀኝ እጃችሁ እንዝርቱን ጭናችሁ ላይ አሹሩት፤ ግራ እጃችሁ አመልማሎውን ይዞ ቀስ እያለ ይርቃል። ጀማሪ ሁሉ ጨብጦ ነው የሚይዘው። የፎቃችን እማማ "ልጄ፣ ዶሮ አይደለም እኮ፣ አያመልጥሽም። ላላ አርጊው" ይሉኛል፤ አሁንም ድረስ።

ክሩ ይብቃው አይብቃው በዓይን አይታወቅም። ስንዝር ያህል ይዛችሁ ሳብ አድርጉት። እየተንሸራተተ ከተለያየ ገና መሾር ይቀረዋል። ስታላሉት በራሱ ላይ እየተጠማዘዘ ከተቋጠረ ደግሞ በዝቶበታል። ሲበጠስ አትቋጥሩት፤ ቋጠሮ ሸማኔ ያናድዳል። ሁለቱንም ጫፍ አፍታታችሁ፣ አነባብራችሁ፣ እንደገና አሹሩት።

በየቀኑ ስል በዓልን አይጨምርም። እማማ እሑድን፣ በ12 ሚካኤልን፣ በ21 ማርያምን እንዝርት አይነኩም። እኔም ከሳቸው ወርሼዋለሁ፤ ለሃይማኖቱ ብቻ ብዬም አይደለም። የማርፍበት ቀን ቀድሞ ስለሚታወቅ "ዛሬስ ልተወው?" የሚባል ድርድር የለም። ሌላ ቀን፣ እንግዳ መጥቶም ይሁን መብራት ጠፍቶ፣ ካመለጠኝ በማግስቱ ስድስት አመልማሎ አልፈትልም። ዕዳ ካደረጋችሁት እንደ ባለ ዕዳ መሸሽ ትጀምራላችሁ። በስልክ ቀን የሚያስቆጥሩትን ነገሮችም እኔ አልወዳቸውም። የሞላ ልቃቂት፣ እንዝርቱ ላይ የተጠመጠመው ክር ማለት ነው፣ በዓይን ይታያል፤ ምን ቁጥር ያስፈልጋል?

እንዝርቱ ሲሞላ ልቃቂቱን አውጥታችሁ በጨርቅ ከረጢት አስቀምጡ። መጠራቀም ሲጀምር ሸማኔ ዘንድ ውሰዱት፤ አዲስ አበባ ላላችሁ ሽሮ ሜዳ አለላችሁ። ድሩን፣ በቁመት የሚወጠረውን፣ የፋብሪካ ክር አድርጉት። ሸማ ሲሠራ ድር ተወጥሮ ስለሚቆይ የጀማሪ ፈትል አይችለውም፤ የእናንተው ማግ ሆኖ ይገባል። ለመጀመሪያ ጊዜ የአንገት ልብስ በቂ ነው። ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊት ክሩን አሳዩት። በሁለት ጣቱ ሳብ እያደረገ "ይሄ ይሆናል፣ ይሄ አይሆንም" እያለ ይለይላችኋል። አትከራከሩት። የመለሰባችሁን ግን እንዳትጥሉት፤ ጧፍ ለሚሠሩ ስጧቸው። ለጧፍ ፈትል ወፍራምና ቀጭን ቢቀላቀልበትም ግድ የለም።