ሦስት ባትሪ ድንጋይ በትንሽ ሶላር ፓነል መሙላት

ለእጅ ባትሪ ወይም ለትንሽ ሬዲዮ የሚሆኑ ደብል ኤ ድንጋዮችን በፀሐይ ለመሙላት ብዙ ዕቃ አያስፈልግም። ባለ 6 ቮልት 1 ዋት ፓነል፣ 1ኤን5817 የሚባለው ሾትኪ ዳዮድ (ከረንትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ)፣ ሦስት ድንጋይ በተከታታይ የሚይዝ ማቀፊያና ጥቂት ቀጭን ሽቦ ይበቃል። ድንጋዮቹ ግን ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ መሆን አለባቸው። ተራውን አልካላይን ቻርጅ ካደረጉት ያፈሳል፣ ሊፈነዳም ይችላል።

ሥራው ርካሽ የሆነው መቆጣጠሪያ ሰርኪዩት ስለማያስፈልገው ነው። ኒኬል ድንጋይ ከአቅሙ አንድ አሥረኛ በማይበልጥ ከረንት ሲሞላ፣ ከሞላ በኋላ ጥቂት ሰዓት ቢቆይም ትርፉን በሙቀት ያስወጣዋል። ባለ 2000 ሚሊ አምፒር ሰዓት ድንጋይ እስከ 200 ሚሊ አምፒር ይችላል፤ ይህ ፓነል ደግሞ ቢበዛ 170 ገደማ ነው የሚሰጠው። ባለ 600 ድንጋይ ከሆነ ያለዎት፣ በዚህ ፓነል ሞልቶ ከቆየ ይግላል፣ ዕድሜውም ያጥራል፤ አነስ ያለ ፓነል ይፈልጉለት።

አራተኛ ድንጋይ አይጨምሩ። አንዱ ሊሞላ ሲል 1.45 ቮልት ይደርሳል፤ ሦስቱ 4.35፣ ዳዮዱ የሚወስደው 0.3 ሲታከልበት 4.65 ይሆናል። አራት ከሆኑ ግን ከ6 ቮልት ያልፋል፤ ፓነል ደግሞ ሲግል ቮልቴጁ ይወርዳል።

የፓነሉን ፖዘቲቭ ከዳዮዱ፣ ዳዮዱን ከማቀፊያው ፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቩን ከኔጋቲቭ ጋር ይበይዱ። ዳዮዱ ላይ ያለችው ነጭ መስመር ወደ ድንጋዩ ትዙር። ዳዮዱ ከሌለ የድንጋዩ ኃይል ማታ ማታ በፓነሉ በኩል ይፈስሳል።

ከመገጣጠምዎ በፊት ፓነሉን ይፈትሹት፦ ሙልቲሜትሩን 10 አምፒር ላይ አድርገው፣ ቀዩን ሽቦ በ10 አምፒሩ ቀዳዳ ሰክተው ሁለቱን የፓነል ጫፎች በቀጥታ ይንኩ። ፓነሉን አይጎዳውም (ድንጋይ ላይ ግን እንዲህ እንዳያደርጉ)። እየለኩ አንድ ጣት አንዱ ሴል ላይ ቢያሳርፉ ንባቡ ወዲያው ያሽቆለቁላል፤ ሴሎቹ በተከታታይ ስለተያያዙ የቅጠል ጥላ እንኳ ሁሉንም ያንቃል። በመስኮት መስታወት ጀርባ ማስቀመጥም ያስቀንሳል።

ፓነሉ ፀሐይ ላይ፣ ድንጋዩ ጥላ ውስጥ ይሁን። ከፓነሉ ጀርባ መለጠፍ ቀላል ይመስላል፤ ግን እዚያ ያለው ሙቀት ድንጋዩ በቅጡ እንዳይሞላ ያደርገዋል።

አሞላሉ ዝግተኛ ነው። የሚባክነው ሲታሰብ 2000ውን ለመሙላት 2800 ያህል መግባት አለበት፤ ፓነሉ በተግባር 130 ሚሊ አምፒር ቢሰጥ ከ21 ሰዓት በላይ ጠንካራ ፀሐይ፣ ማለትም አራት ጥሩ ቀን ገደማ ነው።

ሊቲየም ባትሪን በዚህ መንገድ በጭራሽ አይሞክሩ፤ 4.2 ቮልት ላይ የሚያቆምለት ይፈልጋል። ቲፒ4056 የሚባለው ርካሽ ቦርድ ይህን ይሠራል፤ ሆኖም ከፋብሪካ ሲወጣ 1000 ሚሊ አምፒር እንዲስብ ተደርጎ ነው፤ ይህ ትንሹን ፓነል ያደክመዋል፣ ቮልቴጁም ይወድቃል። ከረንቱን የሚወስነውን ባለ 1.2 ኪሎ ኦም ሬዚስተር (ብዙ ጊዜ 122 ተብሎ የተጻፈበትን) አንሥተው ባለ 10 ኪሎ ኦም ቢተኩበት 130 ሚሊ አምፒር አካባቢ ብቻ ይስባል።