ፊክስድ ጊር ብስክሌት ሲነዱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች፦ ከፍሬኑ እስከ ጉራው

ፊክስድ ጊር ብስክሌት ላይ እግር አያርፍም። የኋላው ማርሽ ከጎማው ጋር አንድ ላይ ታስሯል። ጎማው እስከዞረ ድረስ ፔዳሉም ይዞራል። ቁልቁለት ላይ ይዞራል፣ ኩርባ ላይ ይዞራል፣ ሲደክማችሁም ይዞራል። ፔዳሉን በእግራችሁ ስትቃወሙት ደግሞ ብስክሌቱ ይቀዘቅዛል። ማርሽ መቀየሪያ የለም፣ የሚበላሽ ብዙ ዕቃ የለም። መንገዱ ሲከብድና ሲቀል ወዲያው በእግራችሁ ታውቁታላችሁ።

ይህን ብስክሌት በጣም እወደዋለሁ። ስለምወደውም በዙሪያው የተለመዱ አንዳንድ ነገሮች ያሳስቡኛል። ልብ ብላችሁ ካያችሁ የአብዛኞቹ ስህተቶች ምንጭ አንድ ነው። ሌሎች ሰዎች ሌላ ቦታ ላይ በቂ ምክንያት ኖሯቸው ያደረጉትን ነገር፣ ምክንያቱን ትተን መልኩን ብቻ እንወስዳለን።

ፍሬን ማውለቅ

ከዚህ የምጀምረው የሰው ሕይወት የሚያስከፍል ስህተት ስለሆነ ነው።

ፍሬን የሌለው ብስክሌት የመጣው ከቬሎድሮም፣ ማለትም ለብስክሌት ውድድር ብቻ ከተሠራው ዙሪያ ትራክ ነው። እዚያ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ይነዳል። እግረኛ የለም፣ መኪና የለም፣ መስቀለኛ መንገድ የለም። የትራክ ውድድር ደንብ ፍሬን አይፈቅድም። ተጠጋግተው በሚነዱ ሰዎች መሀል አንዱ ድንገት ፍሬን ቢይዝ ከኋላው ያሉት ሁሉ ይወድቃሉ። በትራኩ ላይ ፍሬን አለመኖሩ ለሁሉም የሚበጅ ነው። ከተማ ውስጥ ግን ድንገት የሚቆም መኪና፣ በሩን የሚከፍት ሾፌር፣ ስልክ እያየ የሚሻገር ሰው አለ። ትራኩ ላይ የነበረው ምክንያት እዚህ ተገልብጧል።

«እግሬ ፍሬኔ ነው» የሚሉ አሉ። እግር በርግጥ ያቀዘቅዛል፣ ግን የኋላውን ጎማ ብቻ ነው። ብስክሌት ፍጥነቱን ሲቀንስ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል። የኋላው ጎማ ይቀልና መሬት መያዝ ያቅተዋል። የፊተኛው ግን ይበልጥ መሬቱን ይይዛል። ስለዚህ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር እየነዳችሁ በደረቅ አስፋልት ላይ በኋላ ጎማ ብቻ ለመቆም ወደ 10 ሜትር ገደማ ያስፈልጋችኋል። ጥሩ የፊት ፍሬን በግማሹ፣ በ5 ሜትር ገደማ ያቆማችኋል። የእግር ጡንቻ ይህን ልዩነት አያጠብበውም። ጎማው ከመሬት ጋር ያለው መያያዝ ነው የሚወስነው፣ እሱ ደግሞ ስለ ጉልበታችሁ ደንታ የለውም።

ሌላም አለ። ካቴናው ቢበጠስ ወይም ቢወልቅ፣ ፍሬን የሌለው ፊክስድ ጊር የሚቆምበት ነገር አይኖረውም።

እ.ኤ.አ. በ2016 ለንደን ውስጥ የፊት ፍሬን በሌለው የትራክ ብስክሌት የሚነዳ ወጣት አንዲት እግረኛ ገጭቶ ሴትዮዋ ሞተች። እ.ኤ.አ. በ2017 ፍርድ ቤት 18 ወር እስራት ፈረደበት። የብሪታንያ ሕግ ፊክስድ ጊር ብስክሌት በመንገድ ላይ የፊት ፍሬን እንዲኖረው ያዛል። የጃፓን ሕግ ከፊትም ከኋላም ፍሬን ይፈልጋል። ጀርመን አንዱ ካንዱ የማይገናኝ ሁለት ፍሬን ትጠይቃለች። ሕጉ ባይኖርስ? ያኔም ያቺ እግረኛ የአንድን ሰው ስታይል ዋጋ መክፈል አልነበረባትም። አንድ የፊት ፍሬን ግጠሙ። ክብደቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፣ የብስክሌቱንም ባሕርይ አይለውጥም።

ስኪድን የጀግንነት መለኪያ ማድረግ

ስኪድ ማለት ፔዳሉን በእግር ቆልፎ የኋላውን ጎማ እየጎተቱ መሄድ ነው። ሲያዩት ያምራል። ደስ የሚልም ነገር ነው፣ አልክድም። ግን የተቆለፈ ጎማ እየዞረ ከሚቀዘቅዝ ጎማ የባሰ ይንሸራተታል። በዝናብ ደግሞ ስኪድ የሚያረዝመው የመቆሚያውን ርቀት ነው።

ስኪድ ማድረግ ካልቀረላችሁ ሂሳቡን እወቁ። ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ ጎማ ይጨርሳል። ስኪድ ስታደርጉ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀናችሁን አንዱን እግር ፊት አድርጋችሁ ነው። ፊት 48 ጥርስ፣ ኋላ 16 ጥርስ ካላችሁ ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ጎማው በትክክል ሦስት ጊዜ ይዞራል። ስለዚህ በቆለፋችሁ ቁጥር መሬት የሚነካው ያው የጎማው ቦታ ነው። ያ አንድ ቦታ ብቻውን ይበላል፣ ሌላው አዲስ እንደሆነ ጎማው ይቀደዳል።

አሁን ፊት 46፣ ኋላ 17 አድርጉት። ሁለቱ ቁጥሮች ከአንድ በቀር የጋራ አካፋይ የላቸውም። ስለዚህ ጎማው ስኪድ ላይ የሚፋቅባቸው ቦታዎች 17 ይሆናሉ፣ ጎማውም ዙሪያውን እኩል ያረጃል። ደንቡ ቀላል ነው፦ የፊቱን በኋላው አካፍላችሁ ክፍልፋዩን እስከ መጨረሻው አቃልሉት። ከታች የሚቀረው ቁጥር የመፋቂያ ቦታዎቹ ብዛት ነው። 46 በ16 ሲቃለል 23 በ8 ይሆናል፣ ስለዚህ 8 ቦታ ነው። በሁለቱም እግር እያፈራረቁ መቆለፍ የሚችል ሰው፣ ከላይ የሚቀረው ቁጥር ጎዶሎ ከሆነ እጥፉን ያገኛል። በ48 በ16 ግን እጥፉም ሁለት ቦታ ብቻ ነው። ኋላ 17 ወይም 19 ጥርስ ያለው ማርሽ ተወዳጅ የሆነው በዚሁ ምክንያት ነው።

ከባድ ማርሽ መግጠም

«ስንት በስንት ትነዳለህ?» የሚለው ጥያቄ የወንድነት ፈተና ሲሆን አያለሁ። የትራክ ተወዳዳሪ ከባድ ማርሽ (ፊት ብዙ ጥርስ፣ ኋላ ጥቂት ጥርስ) የሚገጥመው አንዴ ከተነሳ በኋላ የሚያስቆመው ስለሌለ ነው። ከተማ ውስጥ ግን በየመብራቱ ትቆማላችሁ። በተነሳችሁ ቁጥር ጉልበታችሁ ይጨነቃል፣ ለማቀዝቀዝ ስትቃወሙ ደግሞ እንደገና ይጨነቃል። የጉልበት ሕመም የሚመጣው ቀስ እያለ ነው፣ ከመጣ በኋላ ግን ቶሎ አይሄድም።

46 በ17 ለብዙ ሰው ጥሩ መነሻ ነው። ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ብስክሌቱ 5.7 ሜትር ያህል ይሄዳል። በደቂቃ 90 ጊዜ ብታዞሩ በሰዓት 31 ኪሎ ሜትር ገደማ ትነዳላችሁ። ለከተማ ይህ ከበቂ በላይ ነው። ዳገት የሚበዛበት ሰው ከዚያም ያቅልለው።

ቁልቁለት ላይ በዚሁ ማርሽ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ብትደርሱ እግራችሁ በደቂቃ 147 ጊዜ ያህል ይዞራል። እዚያ ደረጃ ላይ መቃወም አይታሰብም፣ መከተል ብቻ ነው። ስለዚህ ቁልቁለት የሚያዘው ከላይ ነው። ገና ሲጀምር በፊት ፍሬኑ ፍጥነቱን ያዙት፣ ካመለጠ በኋላ መያዝ ይከብዳል።

እግርን ሳያስሩ መንዳት

ጫማችሁ ከሚሽከረከር ፔዳል ላይ ከተንሸራተተ ፔዳሉ አይጠብቃችሁም። ቅልጥማችሁን ይመታል፣ መልሶ ለመያዝም ያስቸግራል። በዚያች ቅጽበት የእግር ፍሬን የሚባለው ነገርም የለም። ስትራፕ ወይም ጫማውን የሚቆልፍ ፔዳል ግጠሙ። ፔዳሉን ወደ ላይ መሳብ የምትችሉት እግራችሁ ከታሰረ ነው፣ ያለዚያ መቃወሙ ግማሽ ሥራ ይሆናል።

የብስክሌቱን ጥገና ንቆ መተው

«ቀላል ብስክሌት ነው፣ ምንም አይፈልግም» ይባላል። ክፍሎቹ ጥቂት ናቸው፣ እውነት ነው። ግን እያንዳንዱ ክፍል ብዙ ኃላፊነት ተሸክሟል።

የኋላው ማርሽ ሞዞው (የጎማው እምብርት) ላይ እንደ ብሎን በጥርስ እየዞረ ይጠብቃል። በላዩ ደግሞ መቆለፊያ ቀለበት ይገባል። የቀለበቱ ጥርስ የተገላቢጦሽ ነው፣ ወደ ግራ ሲዞር ይጠብቃል። ፔዳሉን ስትቃወሙ ማርሹ ለመላቀቅ ይሞክራል፣ ቀለበቱ ግን በተቃራኒው ስለሚጠብቅ ይይዘዋል። ያረጀ የጎዳና ብስክሌት ወደ ፊክስድ ጊር የሚቀይሩ ሰዎች አንዳንዴ ለዚህ ባልተሠራ ሞዞ ላይ ማርሹን አስረው ተራ ቀለበት ይጭኑበታል። ያ ቀለበት ጥርሱ እንደ ማርሹ ስለሆነ አብሮ ይላቀቃል። በድንገት ለመቆም ስትሞክሩ እግራችሁ ባዶ ወደ ኋላ ይዞራል። ለትክክለኛው ሞዞ ገንዘብ እስኪሞላላችሁ ጠብቁ።

ካቴናው ከመሀሉ ሲነካ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ይላወስ። በጣም ከጠበቀ ይፈጫል፣ ከላላ ይወልቃል። የወለቀ ካቴና ጎማውን ቀርቅሮ ሊጥላችሁ ይችላል። የፊት ማርሽ ብዙ ጊዜ ፍጹም ክብ ስላልሆነ ፔዳሉን ዙሪያውን እያዞራችሁ የሚጠብቅበትን ቦታ ፈልጉና እዚያ ላይ ለኩ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ደግሞ አለኝ፣ እባካችሁ አትናቁት። ጎማው እየዞረ ካቴናውን በጨርቅ አትጥረጉ። ሌላ ብስክሌት ላይ ጨርቁ ቢያዝ ፔዳሉ ይቆማል። እዚህ ግን የሚዞረው ጎማ ካቴናውን መጎተቱን ይቀጥላል፣ ጣትንም ይዞ ይገባል። ጣታቸውን ያጡ ሰዎች አሉ። ለጫማ ክርና ለሰፊ ሱሪም ያው ነው። ክሩን ወደ ውስጥ ክተቱት፣ የቀኝ ሱሪያችሁን እጠፉት።

ኩርባ ላይም ፔዳል መቆም እንደማይችል አትርሱ። በጣም ካጋደላችሁ የታችኛው ፔዳል መሬት ይመታል።

መልእክተኛ መምሰል

የከተማው ፊክስድ ጊር ባህል ብዙ ነገሩን የወሰደው በኒው ዮርክና በሳን ፍራንሲስኮ ሰነድና ዕቃ በብስክሌት ከሚያደርሱ መልእክተኞች ነው። ከእነሱ ውስጥ እውነተኛ ሯጮች ወጥተዋል። ኔልሰን ቬይልስ በኒው ዮርክ መልእክተኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1984 የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ በትራክ ስፕሪንት የብር ሜዳሊያ ወሰደ። ይህን ታሪክ ሳስብ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል።

መልእክተኞቹ ይህን ብስክሌት የወደዱበት ምክንያት ነበራቸው። ቀኑን ሙሉ፣ በዝናብም በበረዶም ለሚሠራ ሰው የሚበላሽ ዕቃ ማነሱ ገንዘብ ነው። መንገዱንም በሥራ ብዛት ያውቁታል። የሥራ ሰዓቱ የሚፈጥረው ጥድፊያም አለባቸው። እኛ ያ ሥራ ሳይኖረን ቀይ መብራት መጣሳቸውን ብቻ ስንወስድ ትርፉ አይታየኝም። እነሱ በጀመሩት አሊካት በሚባለው የጎዳና ውድድር ላይም ሰው ሞቷል። እ.ኤ.አ. በ2008 በቺካጎ አንድ ተወዳዳሪ ቀይ መብራት አልፎ ሲገባ ከመኪና ጋር ተጋጭቶ ሕይወቱ አልፏል። መፎካከር የሚያምራችሁ ከሆነ ወደ ቬሎድሮም ሂዱ፣ ወይም መንገድ ተዘግቶ የሚደረግ ውድድር ፈልጉ።

ለማኅተም ብሎ መግዛት

ኤንጄኤስ የሚል ማኅተም ያለበት ፍሬም ወይም ዕቃ ብዙዎችን ያጓጓል። ማኅተሙ የጃፓን ኬሪን ውድድር ነው። ኬሪን እ.ኤ.አ. በ1948 የተጀመረ፣ ሕዝብ ገንዘብ የሚያስይዝበት የትራክ ብስክሌት ውድድር ነው። ማንም በዕቃው ብልጫ እንዳያገኝ ሁሉም የተፈቀደ ዕቃ ብቻ ይጠቀማል። ዕቃዎቹ በጥራት የተሠሩ ናቸው፣ እጅ ሥራቸውም ያምራል። ግን የተሠሩት ለትራክ ነው። ብዙውን ጊዜ የፊቱ ሹካ ለፍሬን አልተበሳም። ገዝታችሁ ስታበቁ ፍሬን መግጠሚያ ታጣላችሁ።

ሌላውን መናቅ

ማርሽ የሚቀይረውን «ሰነፍ» ማለት የቆየ በሽታ ነው። የቱር ደ ፍራንስ መሥራች ኦንሪ ዴግራንዥም ማርሽ መቀየሪያን ይቃወም ነበር። ውድድሩ የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1937 ነው። ከዚያ ወዲህ ብስክሌት መንዳት ያነሰ ክብር ያለው ነገር አልሆነም። ሞዞውን ገልብጦ አንዳንድ ቀን በፍሪዊል (ጎማው እየዞረ እግር እንዲያርፍ በሚፈቅደው ማርሽ) የሚነዳ ሰውም ከእኛው ወገን ነው። ጉልበቱ ያመመው፣ ልጅ ከኋላ የጫነ፣ ፍሬን ሁለት የገጠመ፣ ሁሉም።

ብስክሌቱን ሳይናገሩ ማዋስ

ጓደኛችሁ «ልሞክረው» ሲል እንዲሁ አታቀብሉት። አዲስ ሰው ትንሽ ይነዳና ለማረፍ እግሩን ቀጥ ያደርጋል። ፔዳሉ ግን ዙሩን ይቀጥላል፣ ከኮርቻው ወደ ላይ አንስቶ ይጥለዋል። አስቀድማችሁ ኮርቻውን ለቁመቱ አስተካክሉለት። መኪና የሌለበት ሜዳማ ቦታ ውሰዱት። ለመጀመሪያው ቀን ስትራፑን አላሉለት። የፊት ፍሬኑ የቱ እንደሆነ በእጁ አስይዙትና ለመቆም እሱን እንዲጠቀም ንገሩት። መውረድ ሲፈልግ መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ ይቁም፣ ከዚያ እግሩን ያውጣ። እየዞረ ካለ ፔዳል ላይ ለመውረድ መሞከር ነው ብዙውን ጀማሪ የሚጥለው።