ሴንሰሩን ከመቀየራችሁ በፊት፦ የገመድ አልባ ሙቀት ሴንሰር ችግርና መፍትሄ

ፓናሉ (የእሳት ማንቂያው መቆጣጠሪያ ሳጥን) ጮኸ ማለት ሴንሰሩ ተበላሸ ማለት አይደለም። እኔ ይህን የተማርኩት በላቤ ነው። አንድ መጋዘን ውስጥ የተገጠመ የሙቀት ሴንሰር ሌሊት ሌሊት ከፓናሉ ጋር ይቆራረጥ ነበር። ባትሪ ቀየርኩ፤ አልተሻለውም። ሴንሰሩን ቀየርኩ፤ ያው ነው። አዲሱንም በሌላ አዲስ ቀየርኩት። በመጨረሻ ከሥራ ሰዓት በኋላ ሄጄ ስቆም ነገሩ ገባኝ። ማታ የሚወርደው ተጠቅላይ የብረት በር በሴንሰሩና በፓናሉ መሀል ነበር። እኔ የምሄደው ሁልጊዜ ቀን ስለሆነ በሩ ላይ ተጠቅልሎ ነው የማገኘው። ሦስቱም ሴንሰሮች ጤነኞች ነበሩ።

ሴንሰሩ ሁለት ሥራ አለው። ሙቀት ይለካል፤ የለካውን ደግሞ በሬዲዮ ይናገራል። መጀመሪያ መለየት ያለበት ከሁለቱ የትኛው እንዳቃተው ነው። ሙቀት ስታሳዩት የራሱ መብራት በርቶ ፓናሉ ዝም ካለ፣ ጣታችሁን ወደ ሬዲዮው ወይም ወደ ፓናሉ ቀስሩ። መብራቱም ካልበራ ባትሪውን ወይም መለኪያውን ጠርጥሩ። ይህቺ አንዲት ጥያቄ ግማሽ ቀን ታተርፋለች።

አንድ ነገር ግን ከሁሉም ይቅደም። ሴንሰር ከመንካታችሁ በፊት ሲስተሙን ወደ መሞከሪያ ሁኔታ አስገቡት። ህንጻው ውስጥ ላሉት ሰዎችና ማንቂያውን ከርቀት ለሚከታተለው ጣቢያ ንገሩ። ለሙከራ ብላችሁ የእሳት አደጋ መኪና ብትጠሩ የሚስቅላችሁ አይኖርም።

ምልክት፦ ፓናሉ "ሴንሰሩ ጠፋ" ይላል

በጣም የሚበዛው ይህ ነው። ገመድ አልባ ሴንሰር እሳት ባይኖርም በየጊዜው "አለሁ" የሚል አጭር መልዕክት ይልካል። መልዕክቱ ሲቀር ፓናሉ ብልሽት ብሎ ያሳውቃል። ለእሳት ማንቂያ በወጣው የአውሮፓ ደረጃ ኢኤን 54-25 መሠረት ግንኙነት ሲቋረጥ ሲስተሙ በ300 ሰከንድ ውስጥ ማወቅ አለበት። የአሜሪካው ኤንኤፍፒኤ 72 ደግሞ 200 ሰከንድ ይላል። ለሌባ መከላከያ ተብለው የተሠሩ አንዳንድ ሲስተሞች ግን መልዕክቱ ለሰዓታት ቢቀርም ግድ አይሰጣቸውም። ስለዚህ ፓናሉ ዝም ማለቱ ብቻ አያጽናናችሁ። የክትትል ጊዜው ስንት ላይ እንደተሞላ ሴቲንጉ ውስጥ ገብታችሁ እዩ።

ቀጥሎ የሲግናሉን መጠን ከፓናሉ አንብቡ። አብዛኛውን ጊዜ ዲቢኤም በሚባል የሲግናል ጉልበት መለኪያ ይጻፋል፤ ቁጥሩም ኔጌቲቭ ነው። −65 ጠንካራ ነው፤ −95 ደካማ ነው። ሲግናሉ በ10 ዲሲቤል ወረደ ማለት የሚደርሰው ጉልበት ወደ አንድ አስረኛ ወረደ ማለት ነው። እኔ ማኑዋሉ "ከዚህ አይነስ" ካለው ቁጥር በላይ ቢያንስ 10 ዲሲቤል ትርፍ ሳላይ ቦታውን አላጸድቅም። ያለ ትርፍ የተገጠመ ሴንሰር ዛሬ ይሠራል። ነገ አንድ ሰው የብረት መደርደሪያ ያስገባል፣ ወይም በር ይዘጋል፣ ያኔ ይጠፋል።

ዋናው ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ ብረት ነው። ብዙ ብረት ያለው ኮንክሪት፣ የአሉሚኒየም ሽፋን ያለው የጣሪያ ፎም፣ የአየር ማስተላለፊያ ቱቦ፣ ቆርቆሮ፣ ሊፍት። ብረቱ መንገድ መዝጋቱ ብቻ አይደለም ጣጣው። አንቴናው ብረት ላይ ከተለጠፈ ራሱ አንቴናው ከተሠራበት ፍሪኩዌንሲ ይወጣል። ሴንሰሩን በቀጥታ የብረት ኮርኒስ ላይ ገጥማችሁት ከሆነ፣ አምራቹ የሚፈቅደውን የፕላስቲክ ማራቂያ ከሥሩ አስገቡና ሲግናሉን ድጋሚ አንብቡ።

አንዳንዴ ደግሞ በመሀል ምንም ሳይኖር ሲግናሉ ይሞታል። ይህ የሚሆነው ከግድግዳና ከወለል ተንጸባርቆ የሚመጣው ሞገድ ከቀጥተኛው ጋር ተገናኝቶ ስለሚጠፋፋ ነው። በ868 ሜጋኸርዝ የሚሠራ ሲስተም የሞገዱ ርዝመት ወደ 35 ሳንቲሜትር ነው። ስለዚህ ሴንሰሩን 10 ወይም 20 ሳንቲሜትር ማንሸራተት ብቻውን ተአምር ሊሠራ ይችላል። በ433 የሚሠራ ከሆነ ሞገዱ ወደ 69 ሳንቲሜትር ስለሚረዝም ትንሽ አብዝታችሁ አንሸራትቱ። ለዚህ ነው መሰላል ላይ ቆሜ ሴንሰሩን በእጄ ይዤ ሳልሞክር ኮርኒስ የማልበሳው። ብቻ እጃችሁም ሲግናል ይጋርዳልና ካነበባችሁ በኋላ በፕላስተር ለጊዜው ለጥፋችሁ፣ ከመሰላሉ ወርዳችሁ እንደገና አንብቡ።

የፓናሉንም በኩል አትርሱ። የተቀባዩ አንቴና ብረት ሳጥን ውስጥ ተጠቅልሎ ያገኘሁበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። "ለውበት" ብሎ የቆረጠውም አለ። የአንቴና ርዝመት ለፍሪኩዌንሲው ተለክቶ የተሠራ ነው፤ አይቆረጥም፣ አይጠቀለልም። ይህ ሁሉ ተስተካክሎም ካልበቃ ሪፒተር፣ ማለትም ሲግናሉን ተቀብሎ መልሶ የሚያስተላልፍ መሣሪያ፣ ያስፈልጋል። ሪፒተሩን ሴንሰሩ አጠገብ አትስቀሉት። ከሁለቱም በደንብ የሚሰማበት መሀል ቦታ ፈልጉለት። መብራት ሲጠፋ የሚይዘው የራሱ ባትሪ እንዳለውም አረጋግጡ፤ ያለዚያ መብራት በጠፋ ቁጥር ከሥሩ ያሉት ሴንሰሮች በሙሉ አብረውት ይጠፋሉ።

ቁጥሩ ጥሩ ሆኖ ግንኙነቱ ግን የሚቆራረጥ ከሆነ ችግሩ የሬዲዮ ረብሻ ነው። ሌላ መሣሪያ በዚያው ፍሪኩዌንሲ ወይም በአጠገቡ እያወራ ነው ማለት ነው። በ433 ላይ የጋራዥ በር ሪሞት፣ የአየር ሁኔታ መለኪያና የመሳሰለው ሞልቶ ነው። የሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያና ርካሽ የኤልኢዲ መብራት ፓወር ሰፕላይም ይረብሻሉ። መላው አሰልቺ ነው፤ አንድ በአንድ እያጠፉ ማየት። ችግሩ በተወሰነ ሰዓት ብቻ የሚመጣ ከሆነ ግን ፍለጋው ይቀላል። በዚያ ሰዓት ምን እንደሚነሳ የህንጻውን ጥበቃ ጠይቁ። ከእናንተ በላይ ያውቃል።

ምልክት፦ ባትሪው ቶሎ ያልቃል

ባትሪው ራሱ ጥፋተኛ ሊሆን ይችላል። ብዙ ሴንሰሮች ሲአር 123ኤ የሚባለውን ባለ 3 ቮልት ሊቲየም ይጠቀማሉ። በመጠን እሱን የሚመስል ቻርጅ የሚደረግ ባትሪ አለ። እሱ ሙሉ ሲሆን 4.2 ቮልት ይደርሳል፤ ለ3 ቮልት የተሠራ ሴንሰር ውስጥ ገብቶ ምን እንደሚሠራ እናንተው ገምቱ። መግባቱ ብቻ ልክ ነው ማለት አይደለም።

በሜትር ለክቼው 3 ቮልት አለው ብላችሁም አትተማመኑ። የሊቲየም ባትሪ ቮልቴጁ እስከ መጨረሻው ሳይወርድ ቆይቶ በድንገት ነው የሚወድቀው። የሚቀየረው ሁሉም አንድ ላይ፣ በአንድ ዓይነት፣ በአዲስ ነው። ስትቀይሩ አሮጌውን አውጡና የሴንሰሩን ቁልፍ ጥቂት ጊዜ ተጫኑ፤ ውስጡ የቀረው ኃይል ይለቅ። ከዚያ አዲሱን አስገቡ። ይህን ካልሠራችሁ አንዳንዱ ሴንሰር አዲስ ባትሪ እንደገባለት እንኳ ሳያውቅ "ባትሪ አነሰ" እያለ ይቀጥላል።

ባትሪው ትክክለኛ ሆኖም የሚያልቅ ከሆነ ወደ ላይ ተመለሱ፤ ሲግናሉ ነው። ብዙ ሴንሰር መልዕክቱ ካልተሰማለት ደጋግሞ ይልካል፣ አንዳንዱም ጉልበቱን ይጨምራል። ስለዚህ በየጥቂት ወሩ ባትሪ የሚበላ አንድ ሴንሰር ካለ ከባትሪ ሱቁ በፊት የሲግናል ቁጥሩን እዩ። ብርድም ባትሪን ያደክማል። ቀዝቃዛ መጋዘን ውስጥ የተገጠመ ሴንሰር ሞቃት ክፍል ውስጥ ካለው ወንድሙ ጋር እኩል አይዘልቅም።

ምልክት፦ እሳት ሳይኖር ይጮኻል

እዚህ ላይ የሴንሰሩን ዓይነት ማወቅ ግድ ነው። አንዱ ዓይነት የተወሰነ ሙቀት ሲደርስ ብቻ ይጮኻል። ሌላው የሙቀቱን አካሄድም ያያል፤ በደቂቃ ወደ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ከጨመረ፣ ገና ቋሚው ገደብ ሳይደርስ ይጮኻል። ሁለተኛው ፈጣን ነው፣ ጎበዝም ነው፣ ግን የምድጃ በር ሲከፈት ወይም እንፋሎት ሲነካው ይደነግጣል። ከማሞቂያ አፍ አጠገብ፣ ከቀዝቃዛ ክፍል በር በላይ፣ ከቦይለር በላይ ያለው ሁሉ የዚሁ ችግር ነው። መፍትሄው ወይ ከሞቃቱ አየር ማራቅ ነው፣ ወይ በባለ ቋሚ ገደብ ሴንሰር መተካት ነው።

ባለ ቋሚ ገደቡም ከጮኸ የኮርኒሱን ሙቀት ለኩ። ወለል ላይ ሳይሆን ኮርኒሱ ሥር፣ ጠዋት ሳይሆን ፀሐይ ጣሪያውን በምትመታበት ሰዓት። በአውሮፓው ኢኤን 54-5 መሠረት ኤ1 የሚባለው የሴንሰር ምድብ አካባቢው እስከ 50 ዲግሪ ለሚሞቅ ቦታ ነው፤ የሚጮኸው ከ54 እስከ 65 ባለው መሀል ነው። ቢ የሚባለው እስከ 65 ዲግሪ ለሚሞቅ ቦታ ሆኖ ከ69 እስከ 85 ባለው ይጮኻል። ቆርቆሮ ሥር ኤ1 ሰቅሎ በበጋ መማረር የሴንሰሩ ጥፋት አይደለም። በተቃራኒው ደግሞ ሳትለኩ፣ ዝም ለማሰኘት ብቻ ወደ ቢ አትሂዱ። ዝምታውን የምትገዙት እሳቱን ዘግይታችሁ በመስማት ነው።

ምልክት፦ ሲሞከር አይጮኽም

ብዙ ሰው "ሞክሬዋለሁ" ሲል ቁልፍ ተጫንኩ ወይም ማግኔት አስጠጋሁ ማለቱ ነው። ይህ ሬዲዮውንና ፓናሉን ይሞክራል እንጂ የሙቀት መለኪያውን አይነካውም። በቀለም የተደፈነ ሴንሰር የማግኔት ሙከራን በሰላም ያልፋል።

ለሙቀት ሙከራ ትክክለኛው መሣሪያ በዘንግ ጫፍ ያለ፣ ሴንሰሩን እንደ ኩባያ ሸፍኖ የሚያሞቅ የተለየ መሞከሪያ ነው። ላይተር አይሆንም፤ ፕላስቲኩን ያጠቁራል፣ እሳትም ነው። ሂት ጋን በቀላሉ ከ300 ዲግሪ በላይ ስለሚሞቅ ሴንሰሩን አቅልጦ "ሠራ" ያስብላል። የፀጉር ማድረቂያ ይሻላል፣ ግን ያታልላል። ከራቀ አየሩ የቋሚውን ገደብ ላይደርስ ይችላል፤ ያኔ ባለ ቋሚ ገደቡ ሴንሰር ዝም ይላል፣ እናንተም ጤነኛውን ትጥሉታላችሁ። አካሄድ የሚያየው ደግሞ ፈጥኖ ይጮኽና ቋሚው ገደብ ሳይፈተን ይቀራል።

ሙቀት ከማስጠጋታችሁ በፊት ሴንሰሩ ከሙከራ በኋላ ወደ ነበረበት ሁኔታ የሚመለስ ዓይነት መሆኑን ከጀርባው አንብቡ። ቀላጭ ብረት ያለው ዓይነት አንዴ ከሠራ ያበቃለታል። እሱን በሙቀት መሞከር ማለት መግደል ማለት ነው።

አሁን ወደ ምክንያቶቹ። መብራቱ ካልበራ መጀመሪያ የአቧራ ክዳኑን ፈልጉ። ለግንባታው ጊዜ የተደረገው የፕላስቲክ ክዳን ሳይነሳ ዓመት የሞላውን አይቻለሁ። የባትሪው መጎተቻ ላስቲክም እንዲሁ ይረሳል። ቀለም የተቀባ ሴንሰር አይጸዳም፣ ይቀየራል።

መብራቱ በርቶ ፓናሉ ዝም ካለ፣ ሴንሰሩ ፓናሉ ላይ በምን ዓይነት ዞን (የማንቂያ ምድብ) እንደተመዘገበ እዩ። ይህ ከሁሉም የሚያስፈራኝ ስህተት ነው። እንደ ሌባ መከላከያ ዞን ከተመዘገበ የሚጮኸው ሲስተሙ ሲቆለፍ፣ ማለትም የሌባ ማንቂያው ሲበራ፣ ብቻ ነው። ቤት ውስጥ ሰው እያለ፣ ሲስተሙ ክፍት ሆኖ እሳት ቢነሳ ዝም ይላል። የገጠመው ሰው ማታ ቆልፎ ስለሞከረው ሠርቶለታል። ዞኑ የ24 ሰዓት የእሳት ዞን መሆን አለበት፤ ሙከራውም ሲስተሙ ክፍት ሆኖ መደረግ አለበት።

በሙከራ ቶሎ ጮኾ ቦታው ግን ልክ ያልሆነ ሴንሰርም አለ። ሙቀት ወደ ላይ ወጥቶ ኮርኒሱን ይዞ ነው የሚሄደው። በብሪታኒያው ቢኤስ 5839-1 የሙቀት ሴንሰር መለኪያው ክፍል ከኮርኒሱ በታች ከ25 እስከ 150 ሚሊሜትር ባለው ይሁን ይላል፤ በጠፍጣፋ ኮርኒስ ሥር አንዱ የሚሸፍነውም በየአቅጣጫው እስከ 5.3 ሜትር ነው። "ሲግናሉ እዚህ ይሻላል" ብሎ ግድግዳው ወገብ ላይ መስቀል እሳቱን መርሳት ነው። ሲግናል በሪፒተር ይስተካከላል፤ ሙቀት ግን በሪፒተር አይመጣም።

ትንንሾቹ

የመከፈት ማንቂያው (ሴንሰሩ ከመቀመጫው ሲነቀል የሚጮኸው) የማይጠፋ ከሆነ ኮርኒሱ ወጣ ገባ ነው፣ ወይም ቡሎኑ ከመጠን በላይ ጠብቆ መቀመጫው ተጣሟል። አላልታችሁ አስተካክሉት። ፓናሉ "ማዕድ ቤት" እያለ የሚጮኸው የቦይለር ክፍሉ ከሆነ ሴንሰሮቹ ጠረጴዛ ላይ ተመዝግበው ሲሰቀሉ ተቀያይረዋል። ከመመዝገባችሁ በፊት እያንዳንዱ ላይ በማርከር ቁጥር ጻፉ።

ሥራው ሲያልቅ ሁሉንም በር ዝጉ። ማሽኖቹ ይነሱ። የሲግናል ቁጥሮቹን በዚያ ሁኔታ እንደገና አንብባችሁ ከነቀኑ በመዝገቡ ላይ አስፍሩ፤ በሚቀጥለው ጉብኝት −72 የነበረው −84 ሆኖ ስታገኙት በመሀል ምን ብረት እንደገባ ትፈልጋላችሁ። ከዚያ ሲስተሙን ከመሞከሪያ ሁኔታ አውጡና ወደ ጣቢያው ደውሉ።