የጓሮ ዘር ማስቀመጫ ስንመርጥ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኅዳር መጨረሻ ላይ የጓሮዬ ጎመን አገዳው ደርቆ ፍሬው ሲነካ መፈርፈር ሲጀምር አጨድኩት። ወቅቼ፣ በሰፌድ አበጥሬ፣ ዘሩን በታጠበ የማርማላታ ጠርሙስ ሞልቼ ክዳኑን ጥብቅ አድርጌ ዘጋሁት። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጠርሙሱ ላይ ጤዛ የመሰለ ነገር አየሁ። በጨርቅ ብጠርገው አልጠፋም፤ ከውስጥ ነበር። ፀሐይ ሞቅ ስትል ጠፋና እኔም ረሳሁት። ግንቦት ላይ ለመዝራት ስከፍተው መጀመሪያ የመጣው የሻጋታ ሽታ ነው። ከታች ያለው ዘር ተያይዞ የአውራ ጣት የሚያህል ጓል ሆኗል፤ ላዩ ላይ ግራጫ ፀጉር አብቅሏል። ከላይ ያለው ደህና ይመስል ነበር፤ ብዘራው ግን አንድም አልበቀለም።

ያ ጎመን እናቴ ከገጠር ያመጣችው ዘር ነበር። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ሌላ ሰው እንዲህ ያለ ዘር እንዳያጣ ነው።

ሳይደርቅ መክደን

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ዕቃ ዘር አያደርቅም፤ ያገኘውን ባለበት ያቆያል እንጂ። ደረቅ ዘር ከከተትንበት ድርቀቱን ይጠብቅልናል፤ እርጥብ ከከተትንበት ደግሞ እርጥበቱን። ዘር ሕይወት ስላለው ይተነፍሳል። እርጥበት ሲያገኝ አተነፋፈሱ ይጨምራል፣ ይሞቃል፣ ስንቁን ይጨርሳል፤ ሻጋታውም እዚያው ያገኘዋል። ለዚህ ነው ጥሩ የሚዘጋ ጠርሙስ ላልደረቀ ዘር ከክፍት ሰፌድ የባሰ የሚሆነው።

ሃሪንግተን የተባለው የዘር ተመራማሪ ያስቀመጠው ግምት እስከ ዛሬ ይጠቀሳል፦ የዘሩ እርጥበት ከ14 እስከ 5 በመቶ ባለው ክልል ውስጥ በ1 በመቶ በቀነሰ ቁጥር ዕድሜው እጥፍ ይሆናል። የማስቀመጫው ቦታ ሙቀት በ5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቀንስም እንደዚሁ።

ታዲያ መድረቁን በምን እናውቃለን? የዱባ ዘር ስናጥፈው ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል፤ ከተለመጠ ይቀረዋል። ቦሎቄ በጥርስ ሲነከስ ምልክት መያዝ የለበትም። ለበቆሎና ለጥራጥሬ ሁሉም ቤት ያለው ጨው ይበቃል። የገበታ ጨው በምጣድ አሙቁና አቀዝቅዙ። በደረቅ የመስታወት ጠርሙስ አንድ እፍኝ ዘርና አንድ ሁለት ማንኪያ ጨው ጨምራችሁ ዝጉ፤ ለጥቂት ደቂቃ ነቅንቁና ሩብ ሰዓት ያህል አሳርፉት። ጨዉ መስታወቱ ላይ ከተለጠፈ የዘሩ እርጥበት ከ15 በመቶ በላይ ነው። ባይለጠፍም ለክዳን ደርሷል ማለት አይደለም፤ ጥላ ውስጥ ነፋስ የሚያገኘው ቦታ ላይ ጥቂት ቀን ጨምሩለት። ጨው የነካውን ዘር አትዝሩት።

ወረቀትና ጨርቅን ለክረምት ማመን

ፖስታና ከጥጥ የተሠራች ከረጢት ለበጋ ግሩም ናቸው። ዘሩ የቀረችውን እርጥበት ቀስ እያለ ያወጣባቸዋል። ችግሩ ያው ቀዳዳ ሰኔ ሲገባ በተቃራኒው መሥራቱ ነው። ደረቅ ዘር ከአየር እርጥበት ይስባል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ የለፋንበትን ድርቀት ሐምሌና ነሐሴ ይወስዱታል። እኔ አሁን ዘሩን በየፖስታው አድርጌ ፖስታዎቹን ሁሉ አንድ ሰፊ አፍ ያለው ጠርሙስ ውስጥ እከታለሁ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው «አያቶቻችን በቅል ያስቀምጡ አልነበር?» ይላል። ልክ ነው፣ ያስቀምጡ ነበር። ነገር ግን ቅሉ የት እንደሚሰቀል አስታውሱ፦ ከምድጃው በላይ፣ ጢሱ በሚደርስበት። ከሥሩ ጠዋትና ማታ እሳት ይነዳል። ሙቀቱ እርጥበቱን ያባርራል፣ ጢሱ ነቀዙን ያርቃል። ለዘር የተመረጠ የበቆሎ ራስም እዚያው ይንጠለጠል ነበር። ዛሬ ያንኑ ቅል ወስደን በሲሚንቶ ቤት ውስጥ፣ ምግብ በኤሌክትሪክ በሚበስልበት፣ ግድግዳ ላይ ስንሰቅለው ግማሹን ዘዴ ጥለን ዕቃውን ብቻ ይዘናል። ቅል ይተነፍሳል፤ እሳት ከሌለ የሚተነፍሰው የክረምቱን አየር ነው። በዚያ ዘዴ ውስጥ ያለው እውቀት ያስደንቀኛል፤ ስለዚህም ነው በግማሹ ባንይዘው የምለው።

ፌስታል

ስሱ ፌስታል ውሃ አያሳልፍም እንጂ የውሃ ተን ቀስ እያለ ያልፍበታል። አይጥም ነቀዝም ይበሱታል። ቋጠሮው ደግሞ መቼም ክዳን አይሆንም። ከገበያ እስከ ቤት ያገልግል፤ ከዚያ አውጡት።

ክዳኑን ሳይፈትሹ መቀበል

ወፍራም የመስታወት ጠርሙስ ከሁሉ ይሻላል፤ የሚያልፍበት ነገር የለም። ድካሙ ያለው ክዳኑ ላይ ነው። ከውስጥ ያለው የጎማ ቀለበት የተሰነጠቀ ወይም ጠርዙ የዛገ ከሆነ ጠርሙሱ ክፍት እንደማለት ነው። ባዶውን ጥብቅ አድርጋችሁ ዘግታችሁ በባልዲ ውሃ ውስጥ ድፈቁት። አረፋ ከወጣ አየርም ይገባበታል። የወተት ዱቄትና የቡና ጣሳ ክዳኑ ላዩ ላይ የሚቀመጥ ብቻ ስለሆነ ዙሪያውን በፕላስተር ወይም በቀለጠ ሰም መድፈን ያስፈልገዋል።

ጠርሙሱ ከታጠበ በኋላ የክዳኑ ጥርስ ውስጥ የሚቀረውን ውሃም አትርሱ። ውስጡ ደርቆ ክዳኑ ሲገለበጥ ጠብ ሲል ስንት ጊዜ አይቻለሁ። ሁለቱንም ለየብቻ አንድ ሙሉ ቀን አድርቁ።

እርጥበት የሚመጥ ነገር ከሥሩ ማድረግም ይጠቅማል። በምጣድ ተቆልቶ የቀዘቀዘ ሩዝ፣ ወይም ሙቆ የቀዘቀዘ ከሰል፣ በስስ ጨርቅ ቋጥራችሁ ከታች አስቀምጡ። ከአዲስ ጫማ ካርቶን የምትገኘዋ ፍሬ ፍሬ ያለባት ትንሽ ከረጢት ሲሊካ ጄል ናት። እሷም ትሠራለች፤ ግን አየር ላይ ከርማ ከጠገበች የምትመጠው ነገር የለም።

የመድኃኒት ዕቃ

የተባይ ወይም የአረም መድኃኒት የነበረበትን ጠርሙስና ጀሪካን ለዘር አታውሉ። ጥብቅ ክዳን ስላለው ያጓጓል፤ አውቃለሁ። ሦስት ጊዜ፣ አምስት ጊዜ ቢታጠብም ፕላስቲኩ መርዙን ይይዛል። ለዘር ያስቀመጥነው ቦሎቄ ደግሞ ሁልጊዜ ዘር ሆኖ አይቀርም። ዓመቱ ሲከፋ ወደ ድስት ይገባል፤ ልጅም አንስቶ አፉ ውስጥ ይከታል። በመድኃኒትና በቀለም የታሸ ዘር የመጣበት ከረጢትም እንደዚሁ ነው። በዚህ ላይ ምንም ድርድር የለኝም።

ሁሉንም በአንድ ትልቅ ዕቃ

አምስት ሊትር በሚይዝ ፕላስቲክ ውስጥ ከታች አንድ ኩባያ ቦሎቄ። የቦሎቄ ነቀዝ እንቁላሉን ማሳ ላይ ሳለ ስለሚጥል ብዙ ጊዜ ከዘሩ ጋር አብሮን ይገባል። ዕቃው እስከ አፉ ከሞላና በደንብ ከተዘጋ፣ ነቀዙና ዘሩ ሲተነፍሱ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሱትና ነቀዙ ይሞታል። ገበሬዎች የሚጠቀሙበት ፒክስ የተባለው ባለ ሦስት ንብርብር ከረጢትም የሚሠራው በዚሁ ነው፤ ሁለት አየር የማያሳልፉ ፕላስቲኮች ከውስጥ፣ ማዳበሪያ መሰሉ ከውጭ። ባዶ ቦታ ሲበዛ ግን ነቀዙ ለወራት የሚበቃ አየር አለው። በተከፈተ ቁጥርም አዲስ አየርና አዲስ እርጥበት ይገባል። ስለዚህ ትንንሽ ጠርሙስ፣ እስከ አፉ የሞላ፣ ዓመት ለዓመት የማይነካ ይሁን። ለዘንድሮ የሚዘራው ለብቻው ይቀመጥ።

ከፍሪጅ አውጥቶ ወዲያው መክፈት

ፍሪጅ ያለው ሰው የደረቀ ዘር በተዘጋ ጠርሙስ እዚያ ቢያኖር ጥሩ ነው። አዲስ አበባ ያለው የዘረመል ባንክ በ1976 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከተቋቋመ ጀምሮ ለረጅም ዘመን የሚቆየውን ዘር አድርቆ፣ በተዘጋ ዕቃ፣ በብርድ ነው የሚያኖረው። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ፦ መጀመሪያ ማድረቅ ነው። ያልደረቀ ዘር ፍሪዘር ከገባ ውስጡ ያለው ውሃ በረዶ ሆኖ ይገድለዋል። ሲወጣም ጠርሙሱ እንደተዘጋ ይደር። ብርዱ ሳይለቀው ከተከፈተ የክፍሉ አየር ዘሩ ላይ ውሃ ሆኖ ያርፋል።

ፍሪጅ ለሌለው ከአልጋ ሥር ያለ ካርቶን ይበቃል። መስኮት ላይ የተደረደረ ጠርሙስ ያምራል፤ ፀሐይ ግን ዘሩን እያሞቀ ዕድሜውን ያሳጥረዋል።

ስምና ዓመት አለመጻፍ

የጎመን፣ የጥቅል ጎመንና የሰናፍጭ ዘር በዓይን ለመለየት እጅግ ያስቸግራል። በእርሳስ ጻፉ፣ ቀለሙ አይለቅም። ወረቀቱንም ከውስጥ አድርጉት፤ ከውጭ የተለጠፈው ይወድቃል። ዓመቱ የሚያስፈልገው ዘር ሁሉ እኩል ስለማይኖር ነው። የሽንኩርት ዘር አንድ ሁለት ዓመት ነው፤ ቃሪያ ሁለት ሦስት። ቲማቲም፣ ጎመንና ዱባ በደንብ ከተያዙ አራትና ከዚያም በላይ ይቆያሉ።

አሁን ቤት ውስጥ ከዓምና የተቀመጠ ጠርሙስ ካላችሁና ከተጠራጠራችሁ፣ 20 ዘር ቆጥራችሁ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሉና እንዳይደርቅ እየረጫችሁ ሞቅ ያለ ቦታ አስቀምጡት። ጎመን በሳምንት ውስጥ ይታያል፤ ቃሪያ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። 16 ወይም 17 ከበቀለ ጠርሙሱን መልሳችሁ ዝጉት። 10 ከሆነ ዘንድሮውኑ ጠቅጠቅ አድርጋችሁ ዝሩትና አዲስ ዘር ያዙ።